የፊልም ገጼን ያጣሁበት ቅዳሜ

በአንድ ወርኃዊ መጽሔት ውስጥ አንድ ገጽ ነበረኝ። ከሠላሳ ሁለቱ አንዱ። ያውም ጀርባው ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ስለነበረበት፣ ሴቶች የማስታወቂያዋን ቆንጆ ቆርጠው ሲለጥፏት የእኔ ጽሑፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀር ነበር። አናቱ ላይ ቴምብር የምታህል ፎቶዬ ነበረች፤ ሸሚዜ እስከ ሦስተኛው ቁልፍ ተከፍቶ፣ ፀጉሬ እንደ ህንድ ፊልም ጀግና ወደ ኋላ ተለቆ። ፎቶዋን የተነሳሁት ከሃያ ዓመት በፊት ስለነበር መንገድ ላይ በእሷ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። አምሳ አልፎኝ ነበር። ፀጉሩ ሄዷል፤ ሸሚዙ ብቻ አሁንም እስከ ሦስተኛው ቁልፍ ክፍት ነው፤ ቦርጩ አላዘጋ ብሎ።

ነገሩ መንግሥት ተለውጦ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን በፈላበት ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ጅማ ውስጥ ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀንሼ ነበር። «ተቀነሰ» የሚሉት ነገር በዚያ ሰሞን የበሽታ ስም ይመስል ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቀኛል። ታዲያ አዲስ አበባ ያለች አንዲት መጽሔት የጅማና አካባቢው ወኪል ስትፈልግ ዘልዬ ገባሁ። ወኪል ማለት ከአውቶቡስ ተራ እሽጉን ተቀብሎ፣ ጋሪ ላይ ጭኖ፣ የጅማን መርካቶ ዞሮ ለየሱቁ ማደል ነው። በአማርኛ አዟሪ ይባላል። እኔ ግን «የመጽሔት ባለሙያ ነኝ» እል ነበር፤ ደግሜ ደጋግሜ ስለውም አንዳንድ ሰው አመነኝ።

መጽሔቷን እንቃት ነበር። ከልቤ ነው የምላችሁ። ሽፋኗ ላይ በየወሩ አንዲት ልጅ አገጯን እጇ ላይ አስደግፋ ወደማይታወቅ ቦታ ታያለች። ውስጧ የኮከብ ቆጠራ አለ፤ አዘጋጆቹ ሲሰንፉ እኔ ከጅማ እጽፈው ነበር። የአከራዬን ኮከብ አጣርቼ በየወሩ «ተከራይዎን በደግ ዓይን ይመልከቱ፣ በረከት ከዚያ በኩል ነው» እያልኩ እጽፍላቸው ነበር፤ ማንበብ እንደማይችሉ ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው። የፍቅር ጥያቄና መልስም አለ። «ግራ የገባኝ ከአጋሮ» የሚባለው ምስኪን እኔ ነኝ። «አይዞህ ልጄ፣ ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ የሚመልሰው አዋቂም እኔው ነኝ። አንድ ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክር ስላልጣመኝ በሚቀጥለው እትም ራሴን ተሳድቤ ጽፌአለሁ።

የፊልሙ ገጽ ግን የእኔ ነበር። ያቺን አልንቃትም፤ ወይም የምንቃት ሰው ሲሰማ ብቻ ነው። በየወሩ የአንድ ህንድ ፊልም ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እተርካለሁ። ፊልሙን ማየት ያልቻለ ሊሙ ወይም ጌራ ተቀምጦ ያነበዋል፤ ያየውም ያየው ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ያነበዋል። ያለዚያች ገጽ እኔ ጋሪ ላይ የተቀመጠ የተቀነሰ ሰው ነኝ። መንደራ ቆጪ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ግድግዳ በህንድ ተዋናዮች ፎቶ ተሸፍኖ ነበር። አከራዬ ደጃፍ ላይ ቆመው «እነዚህን ሴቶች ሳታወርድ እግሬ አይገባም፣ አስተግፊሩላህ!» ይሉ ነበር፤ ስለዚህ አላወረድኳቸውም።

ታሪኮቹን ከየት አገኛቸው ነበር? ከመርካቶ ቪዲዮ ቤት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ።

ቪዲዮ ቤቱ ቀድሞ የቡና መጋዘን ነበር። መስኮቱ በጆንያ ተወትፏል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ አንድ ሰው ሲነሳ ሌላኛውን መሬት የሚጥሉ ዓይነት ናቸው። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ማይክራፎን የያዘ ሰው አለ፤ ተርጓሚው። ሰውየው በአዘቦት ቀን እዚያው መርካቶ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ተዋናዮቹ የሚሉትን በአማርኛ ይነግረናል። ሲሞቅበት ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል፤ ሰው ሲሞት «ኢና ሊላሂ» ይላል፤ ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ውኃውን ይጠጣል። ህንድኛውን ከየት እንዳመጣው የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጅማ ብዙ ነገር የሚያውቅ ሰው የሞላባት ከተማ ናት።

ተመልካቹንም እንቀው ነበር። ቡናውን ሸጦ ኪሱ የሞላ ነጋዴ ከፊት ተቀምጦ ለጀግናው «ከበሩ ጀርባ ነው! ዙር አንተ!» እያለ ይጮኻል። ግዙፍ ግዙፍ የመኪና ረዳቶች እናት ስትሞት በጋቢ ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ፊት ወንበር ላይ እግሬን አጣምሬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እጽፋለሁ። አላለቅስም። አንዳንዴ ያልበኝ ነበር፤ ዓይኔ አካባቢ።

ከሁሉ አብልጬ የምንቀው ተርጓሚውን ነው። አማርኛው ጥሬ ነበር። «በጥፊ አጮለው» ይላል፤ እኔ ደብተሬ ላይ «ሰማይ ምድሩ ዞረበት» ብዬ አቃናለሁ። «ልጅቷ ወደደችው» ይላል፤ እኔ ሁለት አንቀጽ አወጣለታለሁ። ጭቃ ተቀብዬ ወርቅ አድርጌ የምመልስ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ አድርጌ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

አንድ ቀን የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ስልክ ስላልነበረኝ የሚደውለው ጎረቤቴ ሱቅ ነው። ልጅ እግር ነው፤ ሥራው ላይ ግን አይቀልድም።

«ጋሼ፣ አንዲት አንባቢ ደብዳቤ ጽፋለች። መምህርት ናት፣ እዚያው ጅማ። ህንድ አገር አራት ዓመት ተምራ ነው የመጣችው።»

«እሰየው። አድናቂ ናት?»

«እርስዎ የጻፏቸውን ስድስት ፊልሞች ዘርዝራለች።»

«ምን ብላ?»

«አንዱም እንደተጻፈው አይደለም ብላ።»

«አንዱም?»

«አንደኛው ላይ የጀግናው ስም ልክ ነው ብላለች።»

ባለሱቁ ሚዛን ላይ ስኳር እያፈሰሰ በአንድ ጆሮው እኛን ይሰማል። አዘጋጁ ቀጠለ፤ «ጋሼ፣ ሂንዲ ይችላሉ አይደል?»

«ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አልኩት። ልብ በሉ፣ አልዋሸሁም። ጠየቅሁ እንጂ።

«እንግዲያው ያነጋግሯት። ከሚቀጥለው እትም በፊት ረክቻለሁ የሚል ደብዳቤ ከእሷ ካልመጣልኝ ገጹን ከእርስዎ እወስዳለሁ። አዲስ አበባ ላይ እየተሳቀብን ነው።»

ከሱቁ ስወጣ ባለሱቁ «ደህና ነው ጋሼ?» አለኝ፤ ልክ የተቀነስኩ ሰሞን እንደሚሉኝ አድርጎ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ!

ቀጥ ብዬ ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ። የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ የአንድ ሱሪ እግር ያሳጥራል።

«አንተ!» አልኩት። «ሂንዲ የት ነው የተማርከው?»

መርገጫውን አቆመ። «ማን? እኔ?»

«አንተ እንጂ ማን! እኔ ነኝ ማይክ የምይዘው?»

ግራ ቀኝ አየና ወንበር ሳበልኝ። «ጋሼ፣ ወላሂ እኔኮ እርስዎ የሚችሉ መስሎኝ ነው።»

«እኔ?»

«ኤዬ፣ እርስዎ! መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን እያየሁ ነበር የምናገረው። ሲቆጣ 'እገድልሃለሁ' እላለሁ፣ ስታፍር 'እወድሃለሁ' እላለሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ እርስዎ መጡ። የመጽሔቱ ሰው ናቸው አሉኝ። ፊት ቁጭ ብለው ደብተር አወጡ። ስህተቴን እየመዘገቡ ነው አልኩ። ዛሬ አላህ ያውቃል፣ ተዋረድኩ አልኩ።»

«እሺ?»

«በወሩ መጽሔቱ ወጣ። ገዛሁት። ያልኩት ሁሉ አለ! ቁጭ ብዬ ሦስቴ አነበብኩት። ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ልክ ነበርኩ ማለት ነው አልኩ፤ የተማረ ሰው አይቶ አጽድቆታል። ከዚያ ወዲህ ፈርቼ አላውቅም። ቡና ሲደርስ ፊልሙን ይዘን አጋሮ ስንሄድ እንኳን መጽሔቱን ይዤ ነው፤ ስረሳ ከእርስዎ አነብላቸዋለሁ። እርስዎ ደግሞ ያሳምሩታል። ያቺን 'ሰማይ ምድሩ ዞረበት' በጣም ነው የምወዳት።»

እንደዚህ ነበር እንግዲህ። እሱ ፈጥሮ ይናገራል፤ እኔ ንቄው እገለብጣለሁ፤ እሱ የገለበጥኩትን አንብቦ ያምናል፤ አምኖ ደግሞ ይናገራል። የጅማና የአካባቢዋ ቡና አብቃይ ከተሞች ህዝብ በመሃላችን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።

«ለምን አትነግረኝም ታዲያ?» አልኩት።

«ምን ብዬ ጋሼ? ሂንዲ አልችልም፣ እርስዎ ግን ትችላለህ ብለው ጽፈውልኛል ብዬ?»

በማግስቱ መምህርቷን ፍለጋ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ፈተና ታርማለች። ሠላሳ ቢሆናት ነው። ቀጭን፣ ኮስታራ፤ እንደዚህ ያለች ሴት ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ነው የምትወለደው ብዬ በልቤ ናቅኋት። መናቅ ይቀናኛል፤ ስፈራ ደግሞ ይብስብኛል። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ብድግ አለች።

«ይቀመጡ። እኔ እኮ እርስዎን ለመጉዳት አልነበረም» አለች። ከመሳቢያዋ መጽሔቶቼን አወጣች። ገጼ ላይ ቀይ ያልነካው መስመር አልነበረም። «ሁሉንም እተወው ነበር። ግን እዚህ ላይ እናትየዋን ገድለዋታል።»

«ያሳዝናል። እኔም ስጽፈው...»

«አልሞተችምኮ! መጨረሻው ሠርግ ላይ ስትጨፍር አላዩም?»

አይቻለሁ። መንፈሷ ነው ብሎን ነበር ተርጓሚው፤ እኔም «ከወዲያኛው ዓለም ልትመርቃቸው ወረደች» ብዬ ጽፌአለሁ። ከዚያ በዕድሜዬ እምብዛም የማላደርገውን ነገር አደረግሁ፤ እውነቱን ነገርኳት። ሂንዲ አንድ ቃል እንደማላውቅ፣ ከማን እንደምገለብጥ፣ ገጹ ከእጄ ከወጣ ምን እንደምሆን። አልሳቀችም። ብትስቅ ይቀለኝ ነበር።

«እንዲህ እናድርግ» አለች። «ቅዳሜ አብሬዎት ልምጣ። የሚሉትን በጆሮዎ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ ያንኑ ይጻፉ። ሌላ ነገር ሳይጨምሩ። ያን ጊዜ ለአዘጋጁ ደብዳቤውን እጽፍልዎታለሁ። ገጽዎን አልፈልገውም፤ ተማሪዎቼ ይሄን እያነበቡ ነው የሚከራከሩኝ።»

«ምንም ሳልጨምር» አልኩ። እጄንም ደረቴ ላይ አደረግሁ።

ቅዳሜ ዘነበ። መምህርቷ ጃንጥላዋን እያራገፈች ስትገባ ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ ወደ በሩ ዞረ፤ ሴት እዚያ እምብዛም አትገባም፣ አስተማሪ ደግሞ ጭራሽ። አግዳሚው ላይ ከነበሩት ሁለት ሦስቱ የቀድሞ ተማሪዎቿ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ወደ ኋላ ሄደው ተሸሸጉ። ልብስ ሰፊው አያት። ማን መሆኗን ሰምቷል። ማይክራፎኑን አነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አሁንም ጠረገ፣ ከዚያ አንገቱን ያዘ።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ ድምፄ ተዘግቷል» አለ፤ ድምፁ ጥርት ብሎ። «ደግሞስ ጋሼ እያሉ እኔ ምን ቤት ነኝ? የመጽሔቱ ሰው እነሆ! ሜ፣ አንዴ አጨብጭቡላቸው!»

አጨበጨቡ። «ጋሼ! ጋሼ!» አሉ። እነዚያ ስንቃቸው የኖርኩት ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ «ተገድጄ ተነሳሁ» ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልተገደድኩም። ማይክራፎኑ እጄ ላይ ሲደርስ የድሮ ፍቅረኛዬ እጇን የሰጠችኝ ያህል ነው የሞቀኝ። መምህርቷ ግንባሯን ቋጠረች፤ ቢሆንም ዱካ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «የምነግርዎትን ብቻ» አለችኝ።

ፊልሙ ጀመረ። አንድ ሰው ሻንጣ ይዞ ቤት ይገባል።

«ባቡሩ ዘገየ ይላል» አለች በጆሮዬ።

«ባቡሩ ዘገየ!» አልኩ በማይኩ።

አንዲት ሴት ዓይኗን እየጠረገች ወደ እሱ ዞረች።

«ሻይ ላፍላልህ ትላለች።»

«ሻይ ላፍላልህ!»

ከኋላ አንዱ ጮኸ፤ «ማል ጄቴ? ምን አለች?»

«ሻይ ላፍላ ነው ያለችው!»

«ሻይ ለማፍላት ነው እንዲህ የምታለቅሰው?»

መምህርቷን አየኋት። «ሽንኩርት እየከተፈች ነበር» አለች።

«ሽንኩርት እየከተፈች ነበር» አልኩ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በማይክራፎን ተናግራችሁ ታውቃላችሁ? በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የተዋረድኩበት የለም። አግዳሚዎቹ ይንቋቋሉ። አንዱ ቤቱን ለቆ ወጣ። ፊት የተቀመጠው ቡና ነጋዴ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሳይቆጣ፣ እንደሚያዝንልኝ ሆኖ «ጋሼ፣ መጽሔቱ ላይ እንዲህ አይደሉም» አለኝ።

ያቺ ቃል ጨረሰችኝ።

አንድ ሽማግሌ ለጀግናው ወረቀት ሰጠው። «የባቡር ትኬት ነው» አለች መምህርቷ። አፌ ግን ቀድሞ ሄዷል፤ «ልጄ! ይህ እናትህ ስትሞት የተወችልህ ኑዛዜ ነው!»

ነጋዴው እንደገና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። የዝናቡ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ይሰማ ነበር፤ ሌላ ምንም።

«ጋሼ፣ ትኬት ነው አልኩዎትኮ።»

ሰምቻታለሁ። «ኑዛዜውን ያነበበ ዕለት ደግሞ» አልኩ በማይኩ፣ «አባቱን ማን እንደገደለው ያውቃል!» ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተገደለ አባት፣ የጠፋች እህት፣ በወንዝ ዳር የተገባ መሐላ ሰጠኋቸው። መምህርቷ ሁለት ጊዜ እጅጌዬን ሳበች። ከዚያ መሳቡን ተወችው። በመጨረሻ፣ እኔ አንዱን ጺማም በጣር ላይ አድርጌው የኃጢአት ኑዛዜ ሳናዝዘው፣ ጎንበስ ብላ በጣም በቀስታ «ይሄ ሰውዬ የቤት ደላላ ነው፤ ኪራይ እየተደራደረ ነው» አለችኝ። ጃንጥላዋን አነሳች። ተነስታ ሄደች።

ስትሄድ አይቻታለሁ። በዚህ አልዋሽም። ደብዳቤው፣ ገጹ፣ ፎቶዬ ሁሉ ከእሷ ጋር ወደ በሩ እየሄዱ እንደሆነ አውቄአለሁ። ማይኩን ጥዬ ብሮጥ በሩ ላይ እደርስባታለሁ፤ እግሯ ሥር ብወድቅ ይቅር የምትል ሴት ነበረች፤ ኮስታራነቷ የላይ የላዩን ነው። ግን ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ስልሳ ሰው ትንፋሹን ውጦ እኔን ይጠብቃል። ይቺን ብቻ ልጨርስ አልኩ። ይቺን ስጨርስ ሌላ መጣች።

ሲያበቃ ረዳቶቹ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወጡ። ልብስ ሰፊው ትከሻዬን ሳመኝ። «ማሻአላህ ጋሼ! እኔስ እስከዛሬ ስቀልድ ነበር» አለኝ። ውጭ ዝናቡ አባርቷል። ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ጥግ ስር፣ ከአንዱ በረንዳ ወደ ሌላው፣ አንገቴን እያሰገግሁ ፈለግኋት። ከሄደች ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ!

አዘጋጁ የደወለው በሳምንቱ ነው።

«ደብዳቤዋ ደረሰኝ» አለ።

«ምን ትላለች?»

«አልተሳደበችም። ቅዳሜ ቪዲዮ ቤት ያየችውን ነው የጻፈችው፤ ስለ ሽንኩርቱም፣ ስለ ኑዛዜውም። ሁላችንም ጮክ ብለን አነበብነው። ጋሼ፣ ሴትየዋ ትጽፋለች።»

«ማን?»

«እሷ ነቻ። ገጹን እንድትይዝልን ለምነናታል። መጀመሪያ እምቢ አለች፣ በኋላ እሺ አለች። የእርስዎ ወኪልነት እንዳለ ነው፣ አይስጉ።»

ስለዚህ ከዚያ ወር ጀምሮ የእሷን ገጽ ጋሪ ላይ ጭኜ የማድል ሆንኩ። የመጀመሪያውን አነበብኩት፤ ልንቀው ብዬ። አጭር ነበር። ባቡሩ ዘግይቷል፣ ሻይ ተፈልቷል፣ ሰውየው ቤት ፈልጎ አጥቷል። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ውኃ ቧንቧ ላይ ተጣልተው የሚታረቁበት ቦታ አለ፤ እኔ እዚያ ላይ ሰው ገድዬ ነበር። ደግሜ አነበብኩት። ጥሩ ነበር። የእኔዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ብትቆልሏቸው ያችን የቧንቧ ጠብ አያክሉም። ይህን ለማንም ሳልናገር እስካሁን ቆየሁ፤ ለእሷም።

አጋሮ እሽጉን የሚያደርሰው ሾፌር ታሞ አንድ ወር ራሴ ሄድኩ። ፊቴን የሚያውቅ ባለሱቅ እዚያ የለም። አንዱ ወፍራም ባለሱቅ መጽሔቷን ገለጠና የመምህርቷ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄን የፊልም የሚጽፍ ሰውዬ ነበር፤ የት ገባ?»

«መጻፉን ተወ» አልኩት።

«ምን ሆኖ?»

«ሂንዲው ጠፋበት። ረሳው።»

ባለሱቁ ራሱን ነቀነቀ። «ውይ፣ ያሳዝናል። ሲችል ግን ይችል ነበር!» አለ። እኔም ከልቤ ተስማምቼ የሚቀጥለውን ሱቅ እሽግ ተሸከምኩ።